ጊዜም ዕቁብ ነው

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አሁን ሥራ ይዛችሁ፣ ትዳር መሥርታችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁ "ቲቸር፣ ለመግቢያ ፈተና ላጠና ነበር፣ ግን ጊዜ ከየት ላምጣ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ቀደም ሲል ማስተርስ መማር የፈለገን ሰው እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በራሱ መንገድ ፈትኖ ይቀበለው ነበር። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ግን ትምህርት ሚኒስቴር አንድ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አምጥቷል። ብዙዎቻችን "ጋት" የምንለው ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ሰዓቱም የተቆጠረ ነው። ነርሱም፣ መምህሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ የግብርና ባለሙያውም በዚሁ በር ነው የሚያልፈው።

ፈተናውን አልቃወምም። እንዲያውም እደግፋለሁ። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሱ። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ፣ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። ከዚያ በፊት ስንሰጠው የነበረው ውጤት ምን ያህል ባዶ እንደነበር እኛ መምህራን ከማንም በላይ እናውቃለን። ስለዚህ ተፈትኖ መግባት ጥሩ ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። ፈተናው የሚለካው ያወቅከውን ነው። ለፈተናው መዘጋጀት ግን የሚለካው ጊዜ ያለውን ሰው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ በቁጥር ላስረዳ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን 7 ሰዓት ብንተኛ 49 ሰዓት ይሄዳል፣ 119 ይቀራል። የመንግሥት ሥራ 40 ሰዓት፣ 79 ይቀራል። መንገድ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ደብተር ማረም ወይም ተረኝነት 15 እንበል፣ 64 ይቀራል። (15 በዝቷል የሚለኝ ካለ፣ አምስት ክፍል በየክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖር 300 ደብተር ነው። አንዱን በ2 ደቂቃ ባርም 10 ሰዓት።) ከዚያ ቤት አለ። ምግብ፣ ልብስ፣ ውኃ፣ ገበያ፣ ልጅ ማጠብ፣ ልጅ ማብላት፣ ልጅ ማስተኛት። በቀን 7 ሰዓት ብንይዝለት በሳምንት 49 ነው፣ 15 ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ እድር፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅ 10 ሰዓት ይውሰድ።

ቀረ 5 ሰዓት።

ይኼ የኔ ግምት ነው፣ የየቤታችሁን ቁጥር አስገቡበት። ግን ልብ በሉ፣ ያቺ 5 ሰዓት በአንድ ላይ የተቀመጠች አይደለችም። አሥር ደቂቃ እዚህ፣ ሩብ ሰዓት እዚያ እየሆነች የተበታተነች ናት። አንዱን ልጅ አንድ ሌሊት ትኩሳት ከያዘው ደግሞ እሷም የለችም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ምክር "እንቅልፍህን ቀንስ" ነው። "እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው ያለፍነው" የሚሉ ታላላቆቻችንም አሉ። አከብራቸዋለሁ። ግን በኩራዝ ስታጠኑ ልጆች ነበራችሁ ወይስ ልጅ ነበራችሁ? ያኔ እራት የምታቀርብ እናት ነበረች። ውኃ የሚቀዳ ታናሽ ነበረ። ዛሬ የሚያጠናው ሰው እራት አቅራቢው ራሱ ነው። ከእንቅልፍ ላይ ቢቆረጥ ቢቆረጥ ስንት ይገኛል? ሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ከየትኛው እንቅልፏ ላይ ነው የምትቀንሰው?

ሰዓቱ ያለው እንቅልፍ ውስጥ አይደለም። ሰዓቱ ያለው እዚያ 49ኙ ውስጥ ነው፣ የቤቱ ሥራ ውስጥ። 49ኙን አንድ ሰው ብቻውን ከተሸከመው 5 ሰዓት ይተርፈዋል። ለሁለት ከተካፈሉት ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ 24 ሰዓት የሚጠጋ ይለቀቃል። ይህን የሚያህል ሰዓት የሚሰጥ የማንቂያ ደወል የለም።

ለዚህ ነው ጊዜም ዕቁብ ነው የምለው።

ዕቁብ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም ይጥላል፣ አንዱ ይወስዳል። ዛሬ ያንተ ዕጣ ሲወጣ ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም፣ የሌሎቹ ነው። አንተም ወስደህ ዝም አትልም፣ እስከ መጨረሻው ዙር ትጥላለህ። መጀመሪያ ወስዶ መጣል ያቆመን ሰው አገሩ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ፣ "ዕቁብ በልቶ ጠፋ" ነው የሚባለው።

በጊዜ ላይ ግን ዕቁብ የበሉ ሰዎች ሞልተዋል፣ ማንም ምንም አይላቸውም። የመምህራንን የክረምት ትምህርት እዩት። በጣም ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ብዙ ባልደረቦቼ በእሱ ተለውጠዋል። መምህሩ ሐምሌና ነሐሴን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል፣ መስከረም ይመለሳል፣ እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆያል። በእነዚያ ክረምቶች ዝናብ ሲያፈስ፣ ልጅ ሲታመም፣ ጎተራው ሲጎድል እቤት የነበረው ማነው? ምርቃት ላይ ጋዋን ለብሶ ፎቶ የሚነሳው አንድ ሰው ነው። ሚስትም "የልፋቴ ፍሬ" ብላ እልል ትላለች። ከዚያ የእሷ ዙር መቼ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ፣ ምክንያቱም ራሴን ደብቄ ሰው መምከር አልወድም። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ዲግሪ አላት። እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ሁለት ልጆች አሉን፣ አንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንዷ ሁለት። ባለቤቴ ለጋት እየተዘጋጀች ነው፣ ሐሳቧ የሕብረተሰብ ጤና መማር ነው። ይህን የምጽፈው እሷ አንብባው ፈቅዳልኝ ነው። እኔም ዲግሪዬን መማር እፈልጋለሁ። ተነጋገርን፣ ተራ አወጣን። የመጀመሪያው ዙር የእሷ ነው፣ ሁለተኛው የኔ። የፈተናው በር ለእሷ አሁን ክፍት ስለሆነ፣ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ ምን እንዳሉኝ ገምቱ። "አንተ ሰውዬ፣ ከአንተ በላይ ሆናለች፣ ጭራሽ ማስተርስ ልታስይዛት ነው? ነገ ትንቅሃለች።" ቀልድ አስመስለው ነው የሚናገሩት፣ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ብዙ ባል የሚስቱን ደብተር የሚያስቀምጠው በዚች ፍርሃት ነው። መልሴ አጭር ነው። ደረጃዋ ሲያድግ ደመወዙ የሚገባው ወደዚሁ ቤት ነው። ደግሞም ሚስቱ በወረቀት ስለበለጠችው የሚናቅ ሰው፣ ወረቀት ስላነሳት አይከበርም። የኔ ክብር ክፍል ውስጥ በማስተምረው ልክ ነው፣ ከሷ ወረቀት ጋር የተያያዘ አይደለም።

ሌላም የማየው ነገር አለ። አባት ሲያጠና "ጎበዝ! ቤተሰብ እያስተዳደረ ይማራል" ይባላል። እናት ስታጠና "ልጆቿን ጥላ" ይባላል። ልጆቹ ግን ያው ናቸው እኮ። አባታቸው ጋ ያለ ልጅ ተጣለ የሚባለው አባትየው ሰው ካልሆነ ነው።

ታዲያ እንዴት እናደርገዋለን? እኛ ቤትና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን በአፍ ሳይሆን በወረቀት አድርጉት። እኛ ከልጆቹ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ከሩብ የእሷ ነው። ተረኛ ባልሆነችበት ቀን። በዚያ ሰዓት ልጅ ቢነሳ የሚነሳው አባት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ 45 ደቂቃ። ግን 45 ደቂቃ በሳምንት 6 ቀን 4 ሰዓት ተኩል ነው። በ12 ሳምንት 54 ሰዓት። አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን 81 ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ያለው አንድ ትምህርት በ20 ሳምንት የሚያገኘው ይኼን ያህል ነው። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በሉት። በሌሊት ተረኝነት የጎደለው ቀን በሌላ ሰዓት ይተካል፣ እሱም ወረቀቱ ላይ አለ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን አትፍሩ። ብዙ ሰው "ሒሳብ ከተውኩ አሥር ዓመቴ" ብሎ ከመጀመሪያው ይሸሻል። እንዲህ ዓይነት የችሎታ ፈተና ላይ የሚመጣው ቁጥር በአብዛኛው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የተማራችሁት ነው፤ መቶኛ፣ ንጽጽር፣ አማካይ፣ ፍጥነት፣ ሠንጠረዥ ማንበብ። ለምሳሌ፣ ኩንታል ጤፍ 10,000 ብር ነበር፣ 20 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ 20 በመቶ ቀነሰ። ስንት ሆነ? ቸኩሎ "ወደ 10,000 ተመለሰ" የሚል አለ። አይደለም፣ መጀመሪያ 12,000 ሆነ፣ የ12,000 20 በመቶ 2,400 ነው፣ መጨረሻው 9,600። ሌላ፣ ከማክሰኝት ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር እንበል። ስትሄዱ በሰዓት 60፣ ስትመለሱ በሰዓት 40 ብትነዱ አማካይ ፍጥነታችሁ 50 አይደለም። መሄጃው 40 ደቂቃ፣ መመለሻው 60 ደቂቃ፣ 80 ኪሎ ሜትር በ100 ደቂቃ፣ 48 ነው። ፈታኞች የሚወዱት ይቺን ዓይነት ወጥመድ ነው። ወጥመዱን አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይገባበትም።

ሦስተኛ፣ ተቀያየሩ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ቁጥር ይፈራል፣ የሒሳብ መምህሩ የእንግሊዝኛ ንባቡን ይፈራል። ሻይ ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ እሱ ለእሱ ያስረዳዋል፣ በማግሥቱ ያኛው ይመልሳል። እኔ ገና የዚህ ፈተና ተፈታኝ ሳልሆን ለሦስት ባልደረቦቼ መቶኛ አስረድቻለሁ፣ እነሱም እንግሊዝኛዬን ያስተካክሉልኛል። ብር አልወጣበትም። ይኼም ዕቁብ ነው።

አራተኛ፣ ልጆቹን ከጠረጴዛው አታባርሯቸው። የኛ ትልቁ ልጅ እናቱ ስታጠና እሱም ደብተር ይዞ ይቀመጣል፣ ፊደል ይጽፋል፣ ሲሰለቸው አውሮፕላን ይስላል። ትንሿን የምይዘው እኔ ነኝ። በሽምብራ እሸት ወቅት እሸቱን ስፈለፍልላት ግማሽ ሰዓት ጸጥ ትላለች። እሸት ሲያልቅ ምን እንደማደርግ እንጃ!

አምስተኛ፣ ለለቅሶና ለእድር አንድ ሰው ይሂድ። ሁለታችን ሁልጊዜ አብረን መገኘት የለብንም። ጎረቤት በግልጽ ከተነገረው ይረዳል። "እስከዚህ ቀን ድረስ እሷ ፈተና አለባት፣ እኔ እመጣለሁ" ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። የሚቀየመው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ስድስተኛ፣ ወንዶች፣ ሽሮ መሥራት ተአምር አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልናገርም።

እስካሁን ስለ ቤት ብቻ ነው ያወራሁት። ግን ዕቁቡ በባልና ሚስት ብቻ አይሞላም፣ መሥሪያ ቤትም መንግሥትም የሚጥሉት ድርሻ አለ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሚያጠናን መምህር ባዶ ክፍለ ጊዜዎች ተከታታይ አድርጎ ፕሮግራም ሊያወጣለት ይችላል። ጤና ጣቢያ ለተፈታኝ ነርስ ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት የሌሊት ተረኝነት ሊያሸጋሽግላት ይችላል። የሚቸግረው ይህን ውለታ አድርጎ የማየት ልማድ ነው። ውለታ አይደለም፣ ነገ ተምራ የምትመለሰው ወደዚያው ሕዝብ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴርም የፈተናውን ቀን አስቀድሞ፣ በወራት አስቀድሞ ቢያሳውቅ። ጊዜውን እንደፈለገ ለሚያዝ ሰው የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ይበቃዋል። ልጅ የሚያስይዝለት ሰው ፈልጎ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከገጠር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ለሚሄድ ሰው ግን አይበቃውም። በተለይ እንደኛ አካባቢ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት ቦታ። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆንም አስቡን። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን በወረቀት መመዝገቢያ፣ ቀኑ ላመለጠውም ሁለተኛ ዕድል መኖር አለበት። ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው የሚባለው በሩ ላይ መድረሻው እኩል ሲሆን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እናቶች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ይል ነበር። ሐሳቡን ወደ ፈተና ጣቢያ አምጡት። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ፍራሽ፣ ውኃ፣ አንዲት ጠባቂ። የምታጠባ ተፈታኝ ልጇን የያዘችላት ዘመድ ፀሐይ ላይ ቆማ እንዳትውል ይኼ ይበቃል።

እንዲህ ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1969 ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተቋም መሠረቱ። እየሠራ፣ ልጅ እያሳደገ ለሚማር አዋቂ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው፣ ለመግባት የቀድሞ ውጤት አይጠይቅም። ትምህርቱን በቢቢሲ ቴሌቪዥን በማለዳና በሌሊት ያስተላልፍ ነበር፣ ሠራተኛው ያለው ሰዓት ያ ስለሆነ። በኛም አገር በ2004 በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በመግቢያ ፈተና እየለየ ወደ ሕክምና የሚያስገባ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ምሩቅ ሐኪም የሚሆንበት በር ተከፈተ ማለት ነው። ትልቅ በር ነው። ግን በር መክፈት አንድ ነገር ነው፣ ልጅ ያዘለችው እናት በዚያ በር እንድትገባ ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

ለተፈታኞች አንድ ቃል ብቻ። ብትወድቁ ዕቁቡ አልፈረሰም። ዙሩ ይቀጥላል፣ የለመዳችሁት የጥናት ሰዓትም ይቀራል። ብታልፉ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ውጤታችሁን ስትለጥፉ "ለዚህ ያበቃኝ አምላክ ይመስገን" ካላችሁ በኋላ (ይገባል!) ቀጥላችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ሚስት ከሆነች ሚስት፣ ባል ከሆነ ባል፣ አያት ከሆነች አያት፣ ትምህርቷን አቋርጣ ልጆቻችሁን የያዘች ከገጠር የመጣች ልጅ ካለችም እሷን። በተለይ እሷን። የእሷ ዙር መቼ እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ። ማታ ትምህርት ቤት ሳታስገቧት ማስተርስ የያዛችሁ እንደሆነ፣ ያ የተማራችሁት በእሷ ዕጣ ነው።

እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ እናንተ ቤት አሁን ተራው የማን ነው? ቀጥሎስ የማን? ተራ ያላወጣችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለምትፈተኑ ሁሉ መልካም ዕድል። ለሚይዙላችሁ ደግሞ ብርታት ይስጣቸው። ቸር ሰንብቱ።